የከሸፈውም ይመዝገብ፦ ስለ ማስተማሪያ ቴክኖሎጂ የልምድ ልውውጥ ግልጽ ደብዳቤ

ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የአካዳሚክ ጉዳዮች ምክትል ፕሬዚዳንቶች፣
የማስተማሪያ ቴክኖሎጂና የመምህራን ሥልጠና ክፍሎችን ለምትመሩ ኃላፊዎች፣
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ በቴክኖሎጂ ስለማስተማር የሚደረገው የልምድ ልውውጥ ክፍል የሚገቡ መምህራንን እንዲያካትት ስለመጠየቅ

ክቡራንና ክቡራት፣

የጤና ተማሪዎችን ስታቲስቲክስና የምርምር ዘዴ የማስተምር መምህር ነኝ። የመስክ ልምምድ ሲደርስ ተማሪዎቼ በቡታጅራ ከተማ የጤና ተቋማትና በዙሪያው ባሉ የመስቃንና የማረቆ ቀበሌዎች ይሰማራሉ፤ እኔም አብሬያቸው እዚሁ እከርማለሁ። የምጽፍላችሁ እንግዲህ ተማሪ ኔትወርክ ፍለጋ ስልኩን ይዞ ዳገት ከሚወጣበት አካባቢ ነው።

ለመጻፍ ያነሳሳኝ ነገር ይህ ነው። ባለፈው ሴሚስተር ማብቂያ ላይ ከማስተምርበት ተቋም አንድ ቡድን በቴክኖሎጂ ስለማስተማር ልምድ ሊቀስም ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። የተቋሙን ስም አልጠራም፤ ከሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች መምህራን ጋር ስናወራ ነገሩ የአንድ ቤት ብቻ እንዳልሆነ ተረድቻለሁ። በቡድኑ ውስጥ ዲኖች ነበሩ፣ ዳይሬክተሮች ነበሩ፣ የዕቅድና የበጀት ሰዎች ነበሩ። በዚያ ሴሚስተር ቾክ የጨበጠ መምህር ግን አንድም አልነበረም። ሲመለሱ ሁለት ነገር አገኘን፦ ባነር ፊት የተነሱት ፎቶግራፍና አንድ ሰርኩላር። ሰርኩላሩ እያንዳንዱ መምህር የኮርሱን ማስተማሪያ በሙሉ ሴሚስተሩ በተጀመረ በሦስት ሳምንት ውስጥ በዩኒቨርሲቲው የኢ-ለርኒንግ ፕላትፎርም ላይ እንዲጭን ያዛል። የተጫነው ፋይል ብዛትም በሥራ አፈጻጸም ምዘና ይቆጠራል ይላል።

ጉዞውን አልነቅፍም። አበሉንም ለኦዲተር እተወዋለሁ። የምለው ጉዞው ስላመጣው ውሳኔና ውሳኔው ክፍል ውስጥ ስላደረገው ነገር ነው።

መምህሩ ሦስት ሳምንት ሲሰጠው ያለውን ነው የሚጭነው። ያለው ደግሞ ከመምህር ወደ መምህር ሲተላለፍ የኖረ፣ ፎቶ ኮፒው የደበዘዘ ሃንድአውት ነው። ገጽ በገጽ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ፣ ፒዲኤፍ ተደርጎ ተጫነ። ፕላትፎርሙ ሞላ፤ ሪፖርቱም አማረ። ይሁን እንጂ ዓይነ ስውር ተማሪዎች አሉን። ጆውስ የሚባለው የኮምፒውተር ድምፅ አንባቢም ሆነ የስልካቸው በደንብ የሚያነብላቸው ፊደል ሲያገኝ ነው፤ በፎቶ የተነሣ የደበዘዘ ገጽ ለእነሱ ብዙ ጊዜ ባዶ ወረቀት ነው። ከዚያ በፊት ትምህርቱን በቴሌግራም በድምፅ ስለምንልክላቸው ከማንም እኩል ይከታተሉ ነበር። ሰርኩላሩ ከመጣ በኋላ “ሕጋዊው ፕላትፎርሙ ነው” ስለተባለ ብዙ መምህራን የድምፁን ነገር ተዉት። ቴክኖሎጂ ገባ በተባለ ማግስት እነዚህ ተማሪዎች በእጃቸው የነበረውን አጡ።

የመስክ ተማሪዎቹም እንዲሁ ናቸው። በፎቶ የተሠራ ፒዲኤፍ ከባድ ነው። ከኪሱ የዕለት ጥቅል የሚገዛ ልጅ አንዱን ሃንድአውት አውርዶ ሳይጨርስ ጥቅሉ ያልቅበታል። ስለዚህ አንዱ ያወርድና ለሌሎቹ ያለ ዳታ ከስልክ ወደ ስልክ በዜንደር ያድላል። ይህን የሚያህል የማከፋፈያ መላ ተማሪዎቻችን ራሳቸው ፈጥረው ሳለ ወደ ልምድ ልውውጥ መድረክ አቅርቡት ያላቸው የለም።

ከሁሉም ያስከፋኝ ግን ምዘናው ነው። አንድ ባልደረባችን ሴሚስተሩን በሙሉ ማታ ማታ እየተቀመጠ አጫጭር የድምፅ ማብራሪያ ሲያዘጋጅ ከረመ። ቃሉን በእንግሊዝኛ፣ ትንታኔውን በአማርኛ እያደረገ፣ ምሳሌውን ከበርበሬ ገበያና ከጤና ኬላ እየመዘዘ። ቴሌግራም ላይ ስለነበረ ዜሮ ተባለ። ሌላው ባልደረባችን የሰው ስላይድ በአንድ ምሽት ጭኖ ሙሉ ነጥብ አገኘ። ይህኛውንም አልወቅስም፤ ቁጠሩ የተባለውን ነው የቆጠረው።

ክቡራን፣ ቡታጅራ ለዩኒቨርሲቲ እንግዳ አይደለችም። ከ1979 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመሆን የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራም የሚባለውን ሥራ እዚህ አካሂዷል። በአንድ የከተማና በዘጠኝ የገጠር ቀበሌዎች መረጃ ሰብሳቢዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ማን እንደተወለደ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን እንዳገባ፣ ማን ገብቶ ማን እንደወጣ ይመዘግቡ ነበር። ከዚያ መዝገብ ስንት የማስተርስና የዶክትሬት ጽሑፍ እንደወጣ እናንተ ታውቃላችሁ፤ ከእናንተ መካከል በዚያው የተመረቃችሁ ልትኖሩም ትችላላችሁ። ኋላ ደግሞ በመስቃንና ማረቆ ወረዳ ከ68,000 በላይ ጎልማሶችን በየቤታቸው ያዳረሰው የከባድ የአእምሮ ሕመም ጥናት የዚሁ አካባቢ ፍሬ ነው።

ያን የቤት ለቤት መዝገብ ያስከበረው ሞትንም እንደ ልደት በጥንቃቄ መያዙ ነው። ልደት ብቻ የሚጻፍበት መዝገብ ቢሆን ኖሮ ሰዉ ሁሉ ጤነኛ ነው፣ እየበዛም ነው ብሎ ይነግረን ነበር። የእኛ የልምድ ልውውጥ ሪፖርት እንዲህ ያለ መዝገብ ሆኗል። ስማርት ክፍሉ የተመረቀበት ቀን ተጽፏል፤ የፕሮጀክተሩ አምፖል ተቃጥሎ ምትክ ያጣበት ቀን አልተጻፈም። ስንት መምህር እንደሠለጠነ ተጽፏል፤ ከሠልጣኞቹ ስንቱ ከወር በኋላ የይለፍ ቃሉን እንደረሳ አልተጻፈም። ሞቱ ስለማይመዘገብ ያው ሐሳብ በየሦስትና በየአራት ዓመቱ አዲስ ስም ይዞ ይወለዳል።

ይህን የምለው ማስረጃ ስላለኝ ነው። ከዛሬ ወጣት መምህራን ብዙዎቹ የፕላዝማ ልጆች ናቸው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ትምህርት በሳተላይት እየመጣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ በፕላዝማ ቴሌቪዥን ይታይ ነበር። የክፍለ ጊዜው አብዛኛው የቴሌቪዥኑ ነበር፤ መምህሩ መግቢያና መዝጊያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይደርሰዋል። ስክሪኑ ተማሪ ገባው አልገባው ብሎ አይጠብቅም። መብራት ከጠፋ ትምህርቱ አለፈ። በዚያ ክፍል ጥግ የቆሙት መምህራን ምን እንዳስተዋሉ፣ የትኛው ትምህርት በስክሪን እንደሠመረና የትኛው እንዳልሠመረ በራሳቸው ቃል ጽፈው መምህር ለመምህር ተላልፎልን ቢሆን፣ ዛሬ ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ የተቀዳ ቪዲዮ ጫኑ የሚል መመሪያ ባልመጣብን ነበር። ከዚያም በፊት በ1990ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአፍሪካ ቨርቹዋል ዩኒቨርሲቲ በኩል ከባሕር ማዶ በሳተላይት የሚሰጥ ትምህርት ሞክሯል። ከቅርብ ባልደረቦቼ መካከል ስሙን የሰማ እንኳ አላገኘሁም።

ኮቪድን ማን ይረሳል? መጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ተቋረጠ፤ ተማሪው ወደየቤቱ ተሸኘ። የድኅረ ምረቃው በኦንላይን ይቀጥል ተባለ፤ እያንዳንዱ መምህር በገዛ ስልኩ፣ በገዛ ካርዱ መላ ፈጠረ። በኢሜይል ያስተማረ አለ፣ ስልክ እየደወለ ያማከረ አለ፣ ቲሲስ በቴሌግራም ድምፅ ያረመ አለ። ያን ሰሞን የተማርነው ማንም ሥልጠና ሊሰጠን የማይችለው ነበር። ግቢ ሲከፈት ስልካችን ሞልቶብን ስለነበር አጠፋነው።

አሁን ምን ዓይነት ልምድ ማለቴ እንደሆነ በራሴው ሥራ ላሳያችሁ።

ተማሪዎቼ የቤት ለቤት መጠይቁን የሚሞሉት በስልካቸው ላይ በተጫነ ኦዲኬ በሚባል ነጻ መተግበሪያ ነው። ኔትወርክ በሌለበት ይሞላሉ፣ ስልኩ ላይ ይቀመጣል፣ ማታ ከተማ ሲገቡ ይልካሉ። በወረቀት ዘመን ስህተት የሚታወቀው መረጃው ኮምፒውተር ላይ ሲገባ፣ ተማሪው ግቢው ከተመለሰ በኋላ ነበር። አሁን በዚያው ምሽት እናየዋለን። አንድ ተማሪ ረጅሙን መጠይቅ ለአምስት ቤት በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ጨርሶ ከላከ ሰዓቱ ያሳብቅበታል። ስሙን ሳልጠራ በማግስቱ ጠዋት ያንን ውሂብ ሰሌዳ ላይ አውጥቼ ምን ይታያችኋል እላለሁ። ስለ መረጃ ጥራት ከየትኛውም መጽሐፍ የተሻለ ትምህርት ይሆናል፤ ጥፋተኛውም ብዙ ጊዜ ራሱ ሳቅ ብሎ እንደገና ወደ ቀበሌው ይሄዳል።

ይህ የሠመረው ነው። ያልሠመረው ደግሞ ቀኑ ነበር። መተግበሪያው በራሱ የሚያወጣው የፈረንጅ ካሌንደር ነው። እናት ልጇን ጳጉሜን 3 ወለድኩ ትላለች፤ ተማሪው በራሱ ይቀይራል፤ ወይም ሳይቀይር ያስገባል፤ ገና ያልተወለደ ሕፃን ክትባት የወሰደ ሆኖ ይመጣል። ሰዓቱም እንዲሁ፤ የእኛ ሦስት ሰዓት የእነሱ ዘጠኝ ነው። የወሊድ ክትትል መረጃችን በዚህ ምክንያት ስንት ጊዜ እንደታመሰ! መፍትሔውን ያገኘሁት በአንድ ስብሰባ የሻይ እረፍት ላይ አጠገቤ ከተቀመጠ የሌላ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነው። ኦዲኬ የኢትዮጵያን ካሌንደር ያውቃል፤ ቅጹ ሲሠራ በቀን መጠየቂያው መስመር ላይ አንዲት ቃል መጻፍ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ስብሰባው ከጠዋት እስከ ማታ ያቀረበልንን ስላይድ አላስታውስም። ያችን ቃል ግን ዛሬም እሠራባታለሁ፤ ለሌሎችም ነግሬአለሁ። ያ ሰው መድረክ ላይ አልወጣም ነበር፤ ተጋባዥ ተናጋሪዎቹ ሌሎች ነበሩ።

ድምፅ በቴሌግራም ስለማስተማርም እንዲሁ በልምድ የታወቀ ነገር አለ። አጭር ድምፅ ተማሪው መንገድ እየሄደም ይሰማዋል፤ ረጅሙን ነገ እሰማዋለሁ ብሎ ይተወዋል። ቀመር በድምፅ አይሰጥም፤ በእጅ ተጽፎ ፎቶው አብሮ መሄድ አለበት። መስማት ለተሳነው ተማሪ ደግሞ ድምፁ ራሱ ዝግ በር ስለሆነ የተጻፈ አጭር ማስታወሻ ይፈልጋል። ውጤትና የፈተና ወረቀት በቴሌግራም መሄድ እንደሌለበትም እስማማለሁ። ሁሉን በአንድ መስመር መስቀል አደጋ እንዳለውም አይተናል፤ በ2009 ዓ.ም. ግንቦት ብሔራዊ ፈተና ሲሰጥ ኢንተርኔት በአገሩ ሙሉ ሲዘጋ የዩኒቨርሲቲም ሥራ አብሮ ቆሟል። ይህ ሁሉ በየመምህሩ ጭንቅላት ውስጥ ተበታትኖ ያለ እውቀት ነው። አዲስ የተቀጠረ መምህር ከዜሮ ይጀምራል። በአሁኑ ጊዜ አሳይመንት በአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ተጽፎ ሲመጣ ምን ይደረግ የሚለውንም እያንዳንዳችን ለየብቻ፣ እንደየግልፍታችን እየወሰንን ነው፤ አንዱ ዜሮ ይሰጣል፣ አንዱ አላየሁም ይላል።

የመውጫ ፈተናው ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በኮምፒውተር መሰጠቱም ነገሩን አጣድፎታል። በመጀመሪያው ዙር ካለፉት ይልቅ የወደቁት መብለጣቸውን ሁላችንም ሰምተናል። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ በማሽን ፊት ተቀምጦ መፈተን አለመለማመድ ግን አንዱ እንደሆነ ከተማሪዎቼ አውቃለሁ። በየዩኒቨርሲቲው ተማሪውን በምን እንዳለማመዱ፣ መሐል ላይ መብራት ሲጠፋ መልሱ ተቀምጦ ይጠብቅ እንደሆነ የሚያውቁት የላብ ቴክኒሻኖች ናቸው። እነሱ ደግሞ ከመምህሩም በባሰ አይጠየቁም።

ትልልቅ ጅምሮች እንዳሉ አውቃለሁ፤ አከብራቸዋለሁም። በማስተርካርድ ፋውንዴሽን ድጋፍ፣ ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲና ከሻያሾኔ ጋር የሚሠራው የትምህርት ሚኒስቴር የኢ-ለርኒንግ ፕሮግራም 50 የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን፣ 35,000 መምህራንንና 800,000 ተማሪዎችን ለመድረስ አቅዷል። በኦንላይን ስለማስተማር የሚሰጠው ኮርስ ጠቃሚ ነው። አሪዞና ግን ስለ ጳጉሜን አይነግረንም። ስለ እሱ ልንነጋገር የምንችለው እኛው ነን።

ስለዚህ በአክብሮት የምጠይቃችሁ ይህን ነው። የሚቀጥለው የልምድ ልውውጥ ቡድን ሲዋቀር ቢያንስ ግማሹ በዚያው ሴሚስተር ክፍል የሚያስተምር መምህር ይሁን። አንድ የላብ ቴክኒሻንና አንድ ተማሪም መኪናው ውስጥ ቦታ ይኑራቸው። ተማሪው የትኛው ማስተማሪያ እንዳልተከፈተ፣ ለምን እንዳልተከፈተም ይነግራችኋል፤ እናንተን የሚፈራበት ምክንያት የለውም፣ በሚቀጥለው ዓመት ይመረቃል።

ቡድኑ ሲመለስ ያየውን፣ ማንኛውም መምህርም በየሴሚስተሩ ማብቂያ የሞከረውን በሁለት ገጽ ይጻፍ። ምን እንደሞከረ፣ ተማሪዎቹ ምን ዓይነት ስልክ እንደነበራቸው፣ ለዳታ ስንት እንዳወጡ፣ ምኑ እንደከሸፈና ለጀማሪ ምን እንደሚመክር። በአማርኛ መጻፍ ይፈቀድለት፤ ብዙዎቻችን ስለ ክፍላችን የምናወራው በአማርኛ ሆኖ ሳለ ጻፉ ስንባል ብቻ ወደ እንግሊዝኛ እየተሸሸግን እውነቱ ይቀራል። ከሽፏል ብሎ የጻፈ ሰው ነጥብ እንዳይቀነስበት ደግሞ በጽሑፍ አረጋግጡለት። ያለዚያ ሁለቱ ገጽ እንደገና የልደት መዝገብ ይሆናል። ጽሑፉ በማዕረግ እድገት መጽሔት ላይ የወጣ ምርምር ያህል ይመዘን አልልም፤ ከባዶ ግን ይሻል።

የፋይል ብዛት መቁጠሩ ይቅርልን። ፕላትፎርሙ ራሱ ማን ምን እንደከፈተ ይመዘግባል፤ መቆጠር ካለበት የተከፈተው ይቆጠር፣ ተማሪውም ይጠየቅ። የሚጫነው ጽሑፍ ድምፅ አንባቢ የሚያነበው እንዲሆን አስገዳጅ አድርጉልን፤ ይህ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ በአንድ ሰርኩላር የሚያልቅ ነገር ነው፤ ሰርኩላር መጻፍ ደግሞ እንደምትችሉ አይተናል። ለመስክ ተማሪዎች የኮርሱ ቅጂ ከመውጣታቸው በፊት በፍላሽ ወይም በሜሞሪ ካርድ ይሰጣቸው። ይህንንም በየዲፓርትመንቱ ያለ አንድ ኮምፒውተር ይሠራዋል።

“ቴሌግራም የእኛ አይደለም፣ መቆጣጠር አንችልም” እንደምትሉ እገምታለሁ። ልክ ናችሁ። ነገር ግን ተማሪው እዚያ ነው ያለው፤ ዝም ከማለት ምኑ በዚያ እንደሚሄድ፣ ምኑ እንደማይሄድ የሚናገር አጭር መመሪያ ስጡን። ስትጽፉት የሚጠቀሙበትን መምህራን አማክሩ።

የመጨረሻው ጥያቄዬ ስለ ቦታው ነው። ከመድረኮቹ አንዱን በመስክ ልምምድ ሰሞን ቡታጅራ ላይ አድርጉት። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ወልቂጤም ከጉራጌ ተራሮች ማዶ ነው። የአዳራሹ ጉዳይ አያሳስባችሁ፤ ከተማዋ አሁን የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ስለሆነች ስብሰባ ለምዳለች። ጠዋት ከተማሪዎቹ ጋር ወደ ቀበሌ ውጡ፣ ማታ ውሂቡ ሲገባ አብራችሁን እዩ፣ በማግስቱ ተነጋገሩ። ከየዩኒቨርሲቲው የሚመጡት መምህራን የየራሳቸውን ይዘው ይምጡ፤ የእኔንም ቅጽ ከነስህተቶቹ አቀርባለሁ።

የአዲሱ ዓመት ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት፣ ቢያንስ የፋይል ቆጠራው ለመጪው ሴሚስተር ምዘና እንዳይውል የሚገልጽ ምላሽ እንደምትሰጡን ተስፋ አደርጋለሁ። የቀረውን በሴሚስተሩ ውስጥ ብትመክሩበት እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር
ቡታጅራ